የአሠሪ፣ የሠራተኛና የመንግሥት ምክክር በጎጃም

የአሠሪ፣ የሠራተኛና የመንግሥት ምክክር (በሌላ አጠራር የሦስትዮሽ ምክክር ወይም ማኅበራዊ ምክክር) አሠሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የመንግሥት አካላት በደመወዝ፣ በሥራ ሁኔታ፣ በሥራ ደኅንነትና በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጉዳዮች ላይ መረጃ የሚለዋወጡበት፣ የሚመካከሩበትና የሚደራደሩበት ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥርዓት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 እና 42፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲሁም አገሪቱ ባጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ላይ ይመሠረታል።

በጎጃም ደጋ፣ ማለትም በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ባሉት የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች፣ ምክክሩ የሚካሄደው ከድርጅት እስከ ፌዴራል መንግሥት በተዘረጉ ደረጃዎች ነው። የአካባቢው ዋነኛ ፈተና ጉዳዩ የሚነሣበት ደረጃና ውሳኔ የሚሰጥበት ደረጃ አለመገጣጠማቸው ነው። መንግሥት የተደራጀው በአስተዳደር ክልል ሲሆን የሠራተኛ ማኅበራት የተደራጁት በኢንዱስትሪ ዘርፍ ነው። ከሠራተኛው አብዛኛው ክፍል ደግሞ በየትኛውም ማኅበር አልታቀፈም።

ምንነትና ዓይነቶች

ምክክር በተሳታፊዎቹ ቁጥር የሁለትዮሽ ወይም የሦስትዮሽ ይባላል። የሁለትዮሽ ምክክር በአሠሪና በሠራተኛ ማኅበር መካከል የሚደረግ ሲሆን፣ ዋነኛ ውጤቱ የኅብረት ስምምነት ነው። የሦስትዮሽ ምክክር መንግሥትን ይጨምራል። መንግሥት በዚህ ውስጥ ሕግ አውጪ፣ ተቆጣጣሪና አስማሚ ነው። በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ውስጥ ደግሞ ራሱ አሠሪ ይሆናል።

በጥልቀቱም ሦስት እርከኖች አሉት። የመጀመሪያው መረጃ መለዋወጥ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ድርጅት ሠራተኛ ሊቀንስ ሲያስብ ይህንኑ ለሠራተኞች ተወካዮች ያሳውቃል። ሁለተኛው መመካከር ሲሆን፣ የሌላው ወገን ሐሳብ ይደመጣል እንጂ ውሳኔው ከአንዱ ወገን እጅ አይወጣም። ሦስተኛው መደራደር ነው፤ በዚህ ደረጃ ሁለቱም ወገኖች የሚገዙበት ስምምነት ይደረሳል። ሦስቱ እርከኖች ተቀላቅለው ሲቀርቡ ብዙ ጊዜ አለመግባባት ይፈጠራል። ለማሳወቅ ብቻ የተጠራ ስብሰባ «ምክክር» ሲባል ሠራተኛው ድርድር ጠብቆ ይመጣና ቅር ብሎ ይመለሳል።

የዓለም ሥራ ድርጅት (አይ.ኤል.ኦ.) ራሱ የተዋቀረው በዚህ መርሕ ነው። በድርጅቱ ዓመታዊ ጉባኤ እያንዳንዱ አባል አገር ሁለት የመንግሥት፣ አንድ የአሠሪና አንድ የሠራተኛ ተወካይ ይልካል። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው።

ታሪክ

ከሠራተኛ ሕግ በፊት

በኢትዮጵያ የደመወዝ ሠራተኛ በብዛት የታየው በመጀመሪያ በጅቡቲ–አዲስ አበባ የባቡር መሥመር፣ በኋላም እንደ ወንጂ የስኳር ልማት ባሉ ትልልቅ እርሻዎችና ፋብሪካዎች ነው። የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማኅበር አቋቁመው የሥራ ማቆም አድማ አድርገዋል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 የሙያ ማኅበር የማቋቋም መብትን በጥቅሉ ቢጠቅስም፣ መብቱን በሥራ ላይ የሚያውል ሕግ ለሰባት ዓመታት ያህል አልወጣም። በዚህ ጊዜ ሠራተኞች በመረዳጃ ዕድር ስም ይሰባሰቡ ነበር።

የጎጃም ደጋ በዚህ ዘመን የደመወዝ ሥራ አካባቢ አልነበረም። አብዛኛው ሕዝብ በርስት መሬቱ የሚያርስ ገበሬ ሲሆን፣ ጉልበት የሚሰባሰበው በደቦ፣ በወንፈልና በጅጊ ነበር። ወንፈል እኩል የጉልበት መመላለሻ ሲሆን፣ ደቦ ጠሪው ምግብና ጠላ አሰናድቶ ጎረቤቱን ለአንድ ቀን ሥራ የሚጠራበት ነው። በእነዚህ ልማዶች ውስጥ አሠሪና ሠራተኛ ቦታ ስለሚለዋወጡ ቋሚ የጥቅም ተቃርኖ አይፈጠርም። አለመግባባትም በሽማግሌ ይፈታል።

የመጀመሪያው የሠራተኛ ሕግና ጎጃም

የሠራተኛ ማኅበራትን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ሕጋዊ ያደረገው በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 ነው። ይኸው በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸደቀ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ የአሠሪዎች ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። በዚሁ ጊዜ ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የአይ.ኤል.ኦ. ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 እ.ኤ.አ. በሰኔ 1963 አጸደቀች። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕጉ፣ የሠራተኛው ማኅበርና የአሠሪው ማኅበር በአገር ደረጃ ቆሙ ማለት ነው።

ሕጉ ግን ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ይፈልግ ስለነበር፣ ጥቅሙ ትልልቅ ድርጅቶች ባሉባቸው ከተሞች ተወሰነ። በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ከሁሉ የሚጠቀሰው ትልቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ደብረ ማርቆስ በአንጻሩ የአስተዳደር፣ የንግድና የትምህርት ከተማ ነበረች።

በደጋው ገበሬና በመንግሥት መካከል የምክክር መድረክ አለመኖሩ በ1960 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ፣ የርስት መሬትን ወደ መለካትና ወደ መከፋፈል ያመራል የሚል ሥጋት በጎጃም ቀሰቀሰ። ገበሬዎች በመጀመሪያ አቤቱታ ይዘው ወደ አገረ ገዥው ወደ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደርና ወደ አዲስ አበባ ተመላለሱ። አቤቱታው መፍትሔ ሲያጣ በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት አመፅ ተነሣ። መንግሥት በመጨረሻ አገረ ገዥውን አዛወረ፤ የተጠራቀመ የግብር ዕዳም ሠረዘ። ጉዳዩ የደመወዝ ክርክር ባይሆንም፣ ለጎጃም አስተዳደር ታሪክ ያለው ትርጉም ከዚህ ርዕስ ጋር ይገናኛል። ጥያቄው የተነሣው በወረዳ ሲሆን መልስ መስጠት የሚችለው ማዕከሉ ብቻ ነበር፤ በመካከል ሆኖ የሚደራደር ተወካይ አካልም አልነበረም።

የ1966ቱ አጠቃላይ አድማ

የሠራተኞች አንድነት ማኅበር የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው አራት ቀን ቆይቶ በድርድር ቆመ። ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል የሠራተኛ ሕጉ መሻሻልና ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል መወሰን ይገኙ ነበር። የልጅ እንዳልካቸው መኰንን መንግሥት አብዛኞቹን ጥያቄዎች ለመቀበል ተስማማ፤ ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በመጣው የሥርዓት ለውጥ ምክንያት ስምምነቱ እስከ ፍጻሜው አልተተገበረም። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚለው ጥያቄ ግን ከሥርዓት ሥርዓት እየተሻገረ ቀጠለ።

የደርግ ዘመን

ደርግ በኅዳር 1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64ን አውጥቶ የቀደመውን ማኅበር በአዲስ መዋቅር ተካው። በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ከመንግሥትና በኋላም ከፓርቲው ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ትልልቅ ድርጅቶች በመወረሳቸው አሠሪውም መንግሥት ሆነ። ሦስቱ ወገኖች በስም ቢኖሩም በተግባር የአንድ ወገን ቅጥያዎች ስለነበሩ፣ ይህ ዘመን የሦስትዮሽ ምክክር የተቋረጠበት ተደርጎ ይቆጠራል።

በገጠር የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀርም መሬትን በቅጥር ጉልበት ማረስን ከለከለ። ስለዚህ በጎጃም ደጋ የእርሻ ቅጥር ሠራተኛ በሕግ ፊት የሌለ ሰው ነበር። ክልከላው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

አዋጅ ቁጥር 42/1985 የኅብረት ድርድርን እንደገና አስጀመረ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በ1986 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት በአመራር ውዝግብ መካከል ምዝገባው ተሠርዞ በ1989 ዓ.ም. እንደገና ተመሠረተ። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገውን የሠራተኞች ቁጥር ከ20 ወደ 10 ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ ድርጅት ከአንድ በላይ ማኅበር እንዲኖር ፈቀደ። ለአነስተኛ ከተሞች ይህ ለውጥ ትርጉም ነበረው፤ ሆቴሎች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና አነስተኛ ፋብሪካዎች በሕግ ደረጃ የመደራጀት ዕድል አገኙ።

ኢትዮጵያ የሦስትዮሽ ምክክርን የሚመለከተውን የአይ.ኤል.ኦ. ስምምነት ቁጥር 144 እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 አጸደቀች። በ2010 ዓ.ም. የአዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ረቂቅ ሲቀርብ ኢሠማኮ በርካታ አንቀጾችን ተቃውሞ አጠቃላይ አድማ እንደሚጠራ አስጠነቀቀ። ረቂቁ እንደገና በሦስቱ ወገኖች ውይይት ተደርጎበት በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዋጅ ቁጥር 1156 ሆኖ ወጣ። የመጨረሻው ሕግ የሙከራ ጊዜን ከ45 ቀናት ወደ 60 የሥራ ቀናት አራዘመ፤ የመነሻ የዓመት ዕረፍትን ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀናት ከፍ አደረገ፤ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድ 90 ቀናት አደረሰ፤ ለአባትም የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠ። አሠሪውም ሠራተኛውም የሰጠውና የተቀበለው ነገር ስላለ፣ አዋጁ የብሔራዊ ደረጃ ድርድር ውጤት እንደሚያመጣ ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል።

ሌላው ማሳያ የኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ነው። በ2012 ዓ.ም. የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የአሠሪዎች ተወካዮችና ኢሠማኮ በሥራ ቦታ የሚወሰዱ ጥንቃቄዎችንና የሥራ ውልን ስለ ማስቀጠል የሚደነግግ የጋራ ፕሮቶኮል አዘጋጁ።

የሕግ ማዕቀፍ

ሕገ መንግሥቱ የሠራተኛ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን በአንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። ክልሎች ሕጉን የሚያስፈጽሙት በራሳቸው ቢሮዎች ነው። በአንጻሩ የክልል መንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግ የሚያወጣው ክልሉ ራሱ ነው። በዚህ የተነሣ በአንድ ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ጎረቤታሞች በተለያየ ሕግ ሊተዳደሩ ይችላሉ። የፋብሪካ ሠራተኛው በፌዴራል አዋጅ ሲተዳደር፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይተዳደራል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምክክርን የሚመለከቱ በርካታ ድንጋጌዎች አሉት። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• የኅብረት ድርድር፦ ከሁለቱ አንዱ ወገን በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ ሌላው በ10 ቀናት ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ስምምነቱ ሌላ ካልተወሰነ በቀር ለሦስት ዓመት ይጸናል፤ በሚኒስቴሩ ወይም በክልሉ አግባብ ባለው ባለሥልጣንም ይመዘገባል።
• የሠራተኛ ቅነሳ፦ አሠሪው ቅነሳውን የሚያከናውነው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር ተመካክሮ ነው።
• የአማካሪ ቦርድ፦ የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች ያሉበት ሆኖ በሥራ ስምሪት፣ በሥራ ሁኔታና በሠራተኛ ሕግ ላይ ለሚኒስትሩ ምክር ይሰጣል።
• የደመወዝ ቦርድ፦ አንቀጽ 55 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን በየጊዜው እያጠና የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ያዝዛል፤ ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰንም ይደነግጋል።
• የሥራ ማቆም፦ ከሠራተኛ ማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት። የ10 ቀናት ቅድሚያ ማስጠንቀቂያም ይጠይቃል። እንደ አየር መንገድ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ሆስፒታልና ቴሌኮሙኒኬሽን ባሉ ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ በሆኑ አገልግሎቶች ግን የተከለከለ ነው።

የአስተዳደር ደረጃዎች

በጎጃም ደጋ አንድ የሥራ ጉዳይ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች በጥቅሉ አምስት ናቸው።

ድርጅት። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ድርጅት የኅብረት ድርድርና የቅሬታ አቀራረብ የሚጀምረው እዚህ ነው። ማኅበር በሌለበት ጉዳዩ ከሠራተኛው ወደ ኃላፊው፣ ካልተፈታም በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል።

ወረዳና ከተማ አስተዳደር። ሥራ ፈላጊዎችን የሚመዘግቡና አቤቱታ የሚቀበሉ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። የግል የሥራ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ የሚታየውም በወረዳ ፍርድ ቤት ነው።

ዞን። የምሥራቅ ጎጃም ዞን መምሪያዎች በደብረ ማርቆስ፣ የምዕራብ ጎጃም ደግሞ በፍኖተ ሰላም ይገኛሉ። ዞኑ የክልሉ ቢሮ ክንድ ነው፤ የራሱ የሕግ ማውጣት ሥልጣን የለውም። የይግባኝ ጉዳዮች በከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያሉ።

ክልል። በባሕር ዳር የሚገኘው የአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን፣ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥርንና የማስማማት ሥራን ይመራል።

ፌዴራል። በ2014 ዓ.ም. የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርን የሥራ ዘርፍ የተረከበው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፖሊሲ ያወጣል። የሦስትዮሽ አማካሪ ቦርድም በዚህ ደረጃ ይሠራል።

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንድ ጉዳይ ከዞን ወደ ክልል ሲወጣ ሠራተኛው መንገዱን፣ የጉዞ ወጪውንና ከሥራ የሚቀርባቸውን ቀናት አስልቶ ነው የሚወስነው።

የማኅበራቱ መዋቅር በዚህ አምስት እርከን ላይ በልኩ አይገጥምም። በኢሠማኮ ሥር ያሉት ፌዴሬሽኖች የተዋቀሩት በኢንዱስትሪ ዘርፍ ነው፤ ለምሳሌ የምግብና መጠጥ፣ የጨርቃ ጨርቅና ቆዳ፣ የባንክና መድን፣ የኮንስትራክሽን፣ የእርሻ። ስለዚህ የዞን መምሪያ የአካባቢውን አሠሪዎችና ሠራተኞች ለስብሰባ ሲጠራ፣ በዞን ደረጃ ሁሉንም ዘርፎች ወክሎ የሚቀመጥ የሠራተኛ አካል በቀላሉ አያገኝም። የአሠሪዎች ወገንም ብዙውን ጊዜ የሚወከለው በንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ነው፤ የምክር ቤቱ ዋና ሥራ ግን የንግድ ጉዳይ እንጂ የሥራ ግንኙነት አይደለም።

የጎጃም ደጋ የሥራ ገበያ

ፋብሪካዎች

በ2010ዎቹ ዓ.ም. አካባቢው የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ መዳረሻ እየሆነ መጥቷል። በምዕራብ ጎጃም የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአገሪቱ በሙከራነት ከተመረጡት አራት ፓርኮች አንዱ ሲሆን፣ ባለቤቱ የክልሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። ቡሬ ላይ የፊቤላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ የደብሊው ኤ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተገንብተዋል። ደጀን በኖራ ድንጋይ ክምችቷ የሲሚንቶ ኢንቨስትመንት ስባለች።

በእነዚህ ፋብሪካዎች የሚቀጠረው ወጣት አብዛኛው ከገበሬ ቤተሰብ የመጣ የመጀመሪያ ትውልድ ደመወዝተኛ ነው። የሥራ ውል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የጡረታ መዋጮና የማኅበር አባልነት ለእሱ አዲስ ነገሮች ናቸው። ለምክክር ትልቅ ዕንቅፋት የሚሆነው የፋብሪካው ችግር ምንጭ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ውጭ መሆኑ ነው። የጥሬ ዕቃ አቅርቦት፣ የውጭ ምንዛሪና የመብራት መቆራረጥ የሚወሰኑት በፌዴራል ደረጃ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ በፋብሪካው ግቢ የሚደራደሩት አሠሪና ሠራተኛ ሁለቱም የመፍትሔው ባለቤት አይደሉም። የክልልና የፌዴራል አካላት በአንድ ጠረጴዛ ካልተገኙ ድርድሩ እጥረቱን ማን ይሸከም ከሚለው አያልፍም።

ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶች

በደብረ ማርቆስ ከሚገኙት በአንጻራዊነት የተደራጁ ሠራተኞች መካከል የባንክ፣ የመብራትና የቴሌኮም ሠራተኞች ይገኛሉ። የእነዚህ ድርጅቶች የኅብረት ስምምነት የሚፈረመው በዋና መሥሪያ ቤት፣ በአዲስ አበባ ነው። ስምምነቱ ለቅርንጫፉ ሠራተኛ ጥበቃ ቢሰጥም፣ እንደ ዝውውር፣ የቤት ኪራይና የበረሃ ወይም የውርጭ አበል ያሉ የአካባቢ ጉዳዮች በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የሚያገኙት የቅርንጫፍ ተወካዮች ድምፃቸውን እስከ ላይ ማድረስ ሲችሉ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች

በዞንና በወረዳ ከተሞች ትልቁ ደመወዝ ከፋይ መንግሥት ነው። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የአስተዳደር ሠራተኞች ግን ከአዋጅ ቁጥር 1156 ውጭ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ቢገልጽም፣ የኅብረት ድርድር የሚያደርጉበት ሥርዓት በሕግ አልተዘረጋም። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ ሲሆን የሚሠራው በሙያ ማኅበርነት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ታስረው ለስድስት ዓመታት ያህል በእስር ቆይተዋል። የመምህራን የመደራጀት ጉዳይ በአይ.ኤል.ኦ. የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ፊት ለዓመታት ሲታይ ቆይቷል።

የቀንና ወቅታዊ ሠራተኞች

በግንባታ ሥራ የተሰማሩ የቀን ሠራተኞች የሚቀጠሩት ብዙውን ጊዜ በካቦ አማካይነትና በቃል ነው። የሚደራደሩትም በየማለዳው ስለ ዕለቱ ዋጋ ብቻ ነው። ከደጋው የሚወጡ ወቅታዊ ሠራተኞች ደግሞ የራሳቸውን ማሳ ዘርተው ወይም አርመው በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ወደ መተማ፣ ሑመራና መተከል ይወርዳሉ። ጥቂቶች በአቅራቢያቸው ወደሚገኙት የብርና የአየሁ ሰፋፊ እርሻዎች ይሄዳሉ።

ወቅታዊው ሠራተኛ የደረጃዎቹን ችግር በጉልህ ያሳያል። የሚነሣው ከአንድ ዞን፣ የሚሠራው በሌላ ዞን ወይም ክልል ነው። ደመወዝ ቢከለከል አቤቱታውን የሚሰማው የሥራው ቦታ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ወቅቱ ሲያልቅ ግን ሠራተኛው ወደ አገሩ ተመልሷል። በሕጉ መሠረት የሥራ ውል ስላለው ከለላ አለው፤ ማኅበር ስለሌለው ግን ከለላውን የሚጠይቅለት የለም።

ክርክር አፈታትና ሽምግልና

ሕጉ የሥራ ክርክርን የግልና የወል ብሎ ይከፍላል። የግል ክርክር፣ ለምሳሌ ሕገወጥ ስንብት ወይም ያልተከፈለ ደመወዝ፣ በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል። የወል ክርክር በመጀመሪያ በመንግሥት ወደሚመደብ አስማሚ ይቀርባል። አስማሚው በ30 ቀናት ካላስማማ ጉዳዩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይመራል። ቋሚ ቦርዱ አንድ ሰብሳቢ፣ ሁለት ባለሙያዎች፣ ሁለት የሠራተኛና ሁለት የአሠሪ ተወካዮች ስላሉት ራሱ የሦስትዮሽ አካል ነው።

አዋጁ ተከራካሪዎች በስምምነት በራሳቸው አስታራቂ ወይም በግልግል ዳኛ እንዲጠቀሙም ይፈቅዳል። ይህ በጎጃም ሥር ከሰደደው ሽምግልና ጋር ሕጉን የሚያገናኝ በር ነው። በአነስተኛ ከተማ አሠሪው፣ ሠራተኛውና ሽማግሌው ስለሚተዋወቁ ዕርቅ ፈጣንና ርካሽ ነው። ሽምግልና ግን ለግል ጠብ የተበጀ በመሆኑ ገደብ አለው። ሁለቱን ሰዎች ያስታርቃል እንጂ ተመሳሳይ ችግር ላለባቸው ሌሎች ሠራተኞች የሚጸና ደንብ አያወጣም። «ተው፣ ለአንተም ለእሱም ይበጃል» የሚለው የሽማግሌ ምክር ደካማው ወገን በሕግ የተሰጠውን መብት እንዲተው የሚገፋ ከሆነም ከአዋጁ ጋር ይጋጫል፤ ሕጉ የደነገገው ዝቅተኛ መብት በስምምነት ሊቀነስ አይችልምና።

ዋና ዋና ፈተናዎች

የደመወዝ ቦርድ መዘግየት። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሣው የዝቅተኛ ደመወዝ ጥያቄ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ሕጋዊ መሠረት ቢያገኝም፣ ቦርዱ አዋጁን ተከትሎ ወዲያው አልተቋቋመም። ኢሠማኮ በየዓመቱ የሠራተኞች ቀን ጥያቄውን ያነሣል። በመካከሉ የሠራተኛው ኑሮ በሌላ መንገድ፣ በግብር ሕግ በኩል፣ በመጠኑ ተነክቷል፤ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። ዝቅተኛ ደመወዝ ለአገሪቱ ሁሉ አንድ ይሁን ወይስ በአካባቢና በዘርፍ ይለያይ የሚለው ጥያቄ እንደ ደብረ ማርቆስ ላሉ ከተሞች በቀጥታ ይመለከታቸዋል። አንድ ወጥ ወለል በአነስተኛ ከተማ ያለውን ቀጣሪ ሊከብደው ይችላል፤ የተለያየ ወለል ደግሞ ባለሀብቶች ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ክልሎችን እንዲያወዳድሩ ያደርጋል።

የውክልና ጥበት። ምክክሩ የሚወክለው የተደራጀውን ነው። የደጋው አብዛኛው ሠሪ ግን ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ ከማኅበራቱ ውጭ ነው።

የቁጥጥር አቅም። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች በሥራ ቦታ ተገኝተው የሚያዩት ነገር ለምክክሩ ዋና መረጃ ነው። ተሽከርካሪና የሰው ኃይል በሚያጥርበት ወረዳ ግን ቁጥጥሩ አቤቱታ ሲመጣ ብቻ የሚደረግ ይሆናል።

የጸጥታ ሁኔታ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ጎጃምን በእጅጉ ጎድቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስብሰባን ገድቧል፤ የመንገድና የኢንተርኔት መቋረጥም የንግድና የሥራ እንቅስቃሴን አዳክሟል። ሰዎች መሰብሰብና መጓዝ በማይችሉበት ጊዜ የደረጃዎቹ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ሥራ ያጣው ሠራተኛና ገበያ ያጣው አሠሪም ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡበት የጋራ መድረክ ያጣሉ።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በኬንያ መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1962፣ ከነፃነት ቀደም ብሎ፣ የኢንዱስትሪ ግንኙነት ቻርተር ተፈራርመዋል፤ ቻርተሩ ሦስቱ ወገኖች እርስ በርስ የሚተዋወቁበትን ደንብ ከሕግ አስቀድሞ አስቀመጠ። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ የጀመረው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ልማትና የሥራ ምክር ቤት (ኔድላክ) ከሦስቱ ወገኖች ሌላ አራተኛ ወንበር ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ሰጥቷል፤ የሥራ ሕግ ረቂቆች ወደ ፓርላማ ከመሄዳቸው በፊት በዚያ ያልፋሉ። የአራተኛው ወንበር ሐሳብ፣ አብዛኛው ሠሪ ማኅበር በሌለው እንደ ጎጃም ባለ አካባቢ፣ ገበሬውንና ወቅታዊ ሠራተኛውን ወደ ጠረጴዛው ለማቅረብ አንድ አማራጭ ያሳያል።

የማጠናከሪያ አማራጮች

በኢትዮጵያ ሁኔታ ሦስት አቅጣጫዎች ከአሁኑ ሕግ ሳይወጡ ሊሠራባቸው የሚችሉ ናቸው። የመጀመሪያው በዞን ደረጃ ከተለያዩ ዘርፎች የተውጣጡ የሠራተኛ ማኅበራት የጋራ ተወካይ እንዲመርጡ ማድረግ ነው፤ ይህም የዘርፍ መዋቅሩንና የመንግሥትን የአካባቢ መዋቅር ያገናኛል። ሁለተኛው ከ10 በታች ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች በአዋጁ የተፈቀደውን ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲጠቀሙበት ማገዝ ነው፤ ለሆቴል፣ ለጋራዥና ለዳቦ ቤት ሠራተኞች ይህ ዋነኛው የመደራጃ መንገድ ነው። ሦስተኛው የወቅታዊ ሠራተኞች መነሻና መድረሻ ዞኖች የሥራ ውልን፣ የመጓጓዣንና የክፍያ አቤቱታን በጋራ የሚከታተሉበት ስምምነት እንዲኖራቸው ማድረግ ነው፤ ሠራተኛው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም ያቀረበው አቤቱታ በሥራው ቦታ መልስ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።